ጠዋት ላፍ ብሎ የሚሄደው የአልኮል ማስወንጨፊያ ከሰዓት ለምን ይደክማል? (ባሕር ዳር)

ቲቸር ከጣና ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የሳይንስ ክበባችን ልጆች ለዓመቱ መዝጊያ የሚያሳዩት ነገር እየሠራን ነው። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ ውስጡ ጥቂት አልኮል፣ አፉ ላይ ለስለስ ብሎ የተወተፈ የወረቀት ቆብ። ጎኑ ላይ ከተበላሸ ላይተር ያወጣናትን «ቀጭ» የምትለዋን ነገር በሙጫ አጣብቀናል። ስትጫን ብልጭ ትላለች፣ ተኑ ይነዳል፣ ቆቡ ይወነጨፋል። ወደ ሰማይ ብቻ ነው። የምጫነውም እኔ ራሴ ነኝ፣ ልጆቹ ራቅ ብለው ነው የሚቆሙት።

ያስቸገረን ጸባዩ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ስንሞክረው ሰማያዊ እሳት ላፍ ይልና ቆቡ ከባንዲራው እንጨት በላይ ይሄዳል። ያንኑ ጠርሙስ፣ ያንኑ አልኮል ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስንሞክረው ደግሞ ቢጫ ነበልባል አፉ ላይ ይንቀለቀላል እንጂ ቆቡ እግራችን ሥር ነው የሚወድቀው። ጠዋትም ቢሆን ሁለተኛው ሙከራ እምቢ ይላል። ልጆቹ ሲደክምባቸው አልኮል ይጨምሩበታል። ጭራሽ ይብስበታል።

ክበቡ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሾቹ «የሐይቁ እርጥበት ነው» ይላሉ። ሌሎቹ «እዚህ ከፍታ ላይ ኦክስጅን ስለሌለ ነው» ይላሉ። እኔ ሁለቱም አልተዋጡልኝም፤ ግን ምን ብዬ ላሳምናቸው? ኢንተርኔት ላይ የማገኛቸው ቁጥሮች ሁሉ የባሕር ጠለል ናቸው። አልኮሉ 96% ነው። ለባሕር ዳር አየር ስንት ላድርግ?

ሞተር ጠጋኝ

ቲቸር፣ እኔ እዚሁ ሐይቁ ላይ የጀልባ ሞተር ነው የምጠግነው። ስለ አልኮል ብዙ አላውቅም፣ ከፍታውን ግን በእጄ አውቀዋለሁ።

ከውጭ አዲስ የመጣ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ሞተር ሲያመጡልኝ መጀመሪያ የማየው ካንዴላውን፣ ማለትም ብልጭታ የሚሰጠውን ነው። ፈትቼ ሳወጣው ጫፉ ጥላሸት ለብሶ፣ እርጥብ ብሎ፣ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተኝ ነገሩ አለቀ፤ ቤንዚን በዝቶበታል። ፋብሪካው ያስተካከለው ለባሕር ጠለል አየር ነው። እዚህ ወደ 1,800 ሜትር ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ጂግለሩን፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ ብሎን፣ በጠበበ እቀይራለሁ። ካንዴላው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሲሆን ልክ ገብቷል ማለት ነው። ያም ሆኖ ሞተሩ እዚህ የፋብሪካውን ጉልበት አይሰጥም። ዘጌ ድረስ ሰው ሞልቶ የሚሄድ ጀልባ ላይ ደግሞ ፕሮፔለሩም ለማዞር ለሞተሩ በሚቀል ይቀየራል። ባለጀልባዎች ይሄን ስነግራቸው «ብር ልትበላ ነው» ይሉኛል፣ ግድ የለም።

የእርስዎም አልኮል በዝቶበት ይመስለኛል። ልኩ 14.7 አየር ለ1 ነው። እሱን ይሞክሩ።

የድሮ ላብ

ቲቸር፣ ጥያቄሽ ሸጋ ነው። እኔ ዕድሜዬን ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ውስጥ ቱቦ ሳጥብና የመምህራን እጅ እንዳይቃጠል ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ረዘም ያለ መልስ ልሰጥሽ ነውና ቡና ይዘሽ ቁጭ በይ።

እርጥበቱን መጀመሪያ እናሰናብተው። በ20 ዲግሪ አየሩ እስከ ጥግ እርጥበት ቢጠግብ እንኳ የውሃው ተን ግፊት 2.3 ኪሎፓስካል ነው። የባሕር ዳር አየር ግፊት 82 ኪሎፓስካል ያህል ነው። ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞላም። እንዲያውም እርጥበቱ የሚሰማን ጠዋት ጠዋት ነው፤ ያንቺ ዕቃ ደግሞ የሚሠራው ጠዋት ነው። ሐይቁን ተዉት፣ በእንቦጩ የደረሰበት ይበቃዋል።

«ኦክስጅን የለም» የሚሉት ደግሞ ግማሽ እውነት ይዘዋል። የኦክስጅን ድርሻ ጅቡቲም፣ ጣና ዳርም፣ ራስ ዳሽን ጫፍ ላይም ያው 21% ነው። የሚቀንሰው ጠቅላላው አየር ነው። ግማሽ ሊትር ጠርሙስሽ ውስጥ ያለው አየር ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖረው አራት አምስተኛው ነው። ስለዚህ ቆብሽ ሁልጊዜም ከጅቡቲ ልጆች ቆብ ትንሽ ያነሰ ጉልበት ይኖረዋል። ይሄ ግን ጠዋትና ከሰዓትን አይለይም፤ ከፍታው ቀን ለቀን አይለወጥማ።

አሁን ወደ ዋናው። አንድ የአልኮል ሞለኪውል ነዶ እንዲያልቅ ሦስት ኦክስጅን ይፈልጋል። አየር አንድ አምስተኛው ብቻ ኦክስጅን ስለሆነ ሦስቱን ለማግኘት 14.3 አየር ያስፈልጋል። 1 ለ15.3 ስታካፍዪ 6.5% ይመጣል። ልክ ማለት እሱ ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ካለው ጋዝ ከመቶ ስድስት ተኩል ያህሉ የአልኮል ተን። ከ3.3% በታች ከሆነ እሳቱ አይይዝም፤ ከ19% በላይም አይይዝም። በመካከል ይነዳል፤ ግን መንደድና መወንጨፍ ይለያያሉ። ከ6.5 ትንሽ ከፍ ሲል እሳቱ በጣም ይፈጥናል። ከዚያ እየራቀ ሲሄድ ይንቀራፈፋል፤ ግፊቱ ሳይጠራቀም በቆቡ ዙሪያ እየሾለከ ያልቃል። ያ የምታዪው ቢጫ ነበልባል ኦክስጅን ጎድሎት ውስጥ ያልነደደ ተን ነው፤ አፉ ላይ ወጥቶ ነው አየር የሚያገኘው።

ታዲያ ከሰዓት ማን አበዛው? ሙቀቱ ነው። አልኮል ተዘግቶ ሲቀመጥ ምን ያህል ተን እንደሚሰጥ የሚወስነው ሙቀት ብቻ ነው። ከፍታ የሚባል ነገር አያውቅም። በ18 ዲግሪ የተኑ ግፊት 5.2 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ለ82 አካፍዪው፣ 6.3% ይሆናል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማንም ሳይለካ ባሕር ዳር ራሷ ልኩን እየሰጠቻችሁ ነው! ከቀኑ 9 ሰዓት 28 ዲግሪ ሲሆን ግፊቱ ወደ 9.3 ይወጣል፤ 11% አለፈ። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ድግስ ላይ ሰው ስለጨመረ እንጀራው አይጨምርም። ትርፉ አልኮል የሚነድበት ኦክስጅን የለውም፣ ሙቀት ብቻ ይጠጣል።

ኢንተርኔት ላይ ያየሻቸው ሰዎች ግፊታቸው 101 ነው። በ20 ዲግሪ እነሱ 5.8% ያገኛሉ፣ እኛ 7.1%። ያው ጠርሙስ፣ ያው አልኮል፣ ያው ሙቀት፤ እዚህ ወፈር ይላል። ሞተር ጠጋኝ ካንዴላው ላይ የሚያየው ጥላሸት የዚሁ ነገር ዘመድ ነው፤ ብቻ እሱ ጋ ቤንዚኑን የሚያበዛው ካርቡሬተሩ ነው።

መፍትሔው አልኮሉን አፍስሶ መተው ሳይሆን ለክቶ ማስገባት ነው። ታች የሚንቀዋለል ፈሳሽ እስካለ ድረስ ሙቀቱ እንደፈለገ ያተነዋል። ለግማሽ ሊትር፣ ለባሕር ዳር አየር፣ የሚያስፈልግሽ 0.06 ሚሊ ሊትር ነው። አዎ፣ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስድስት! የማንኪያ ጫፍም አይሆንም። ከመድኃኒት ቤት ባለ 1 ሚሊ ሊትር፣ ባለ 100 መስመሯን የኢንሱሊን መርፌ ግዢና እስከ 6ኛዋ መስመር ሳቢ። ባሕር ጠለል ላይ ቢሆን 8ኛዋ መስመር አጠገብ ትደርሺ ነበር። አግብተሽ ከድኚው፣ ግድግዳውን እንዲያዳርስ እያንከባለልሽ አወዛውዢው፣ ጥቂት ጠብቂ። ጠብታ ካልታየሽ ተንኗል። ጠዋት ብርድ ከሆነ በመዳፍሽ አሙቂው፤ ከ18 ዲግሪ በታች ሁሉም አይተንም። ከሰዓት ደግሞ ቢሞቅም ግድ የለሽም፤ ትርፍ ፈሳሽ ስለሌለ ከየትም አይጨምርም።

ሁለተኛው ሙከራ እምቢ የሚለው አልኮል አንሶት እንዳይመስላችሁ። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን ነው። ኦክስጅኑ ተበልቷል። እዚህ ላይ አልኮል መጨመር ከንቱ ድካም ነው፤ መለወጥ ያለበት አየሩ ነው። በአፍ አትንፉት፤ የምናስወጣው ትንፋሽ እርጥብ ነው፣ ኦክስጅኑም ቀንሷል። ባሕር ዳር ላይ የሳይክል ፓምፕ ፈልጎ ማጣት የለም፤ በሱ ደህና አድርጎ መንፋት ነው።

ጥንቃቄውን ደጋግሜ ብናገር አትቀየሚኝ። ከላብራቶሪ አደጋ ሁሉ የምፈራው የአልኮሉን ዕቃ ነው። ትልቁ ጠርሙስ ተከድኖ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ መርፌዋን ብቻ ይዘሽ ውጪ። የአልኮል እሳት ፀሐይ ላይ አይታይም። «ጠፍቷል» ብሎ ከትልቁ ጠርሙስ የሚደግም ሰው ነው የሚቃጠለው። መነጽር ለሁሉም። ብርጭቆ ጠርሙስ በፍጹም። ክዳኑን አጥብቆ መለኮስ በፍጹም፤ ቆቡ በትንሽ ትንፋሽ የሚወጣ መሆን አለበት። ሃይላንዱም ሲለሰልስና ሲጨማደድ ይጣል፣ ርካሽ ነው። ሜታኖል ደግሞ አጠገብሽ አይድረስ፤ መርዝ ነው።

ሞተር ጠጋኝ

ጋሼ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። እርስዎ 14.3 አሉ፣ እኔ የማውቀው 14.7 ነው። ያች ትንሽ ልዩነት ናት ወይስ ሌላ ነገር ነው?

የድሮ ላብ

ጥሩ ጠየቅህ፤ ቁጥሮቹ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ያንተ 14.7 የቤንዚን ነው፣ ያውም በክብደት፤ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር። የኔ 14.3 የአልኮል ተን ነው፣ በይዘት፤ ለ1 ሊትር ተን 14.3 ሊትር አየር። መቀራረባቸው እንዲሁ ግጥምጥሞሽ ነው። አልኮልን በክብደት ካየኸው 9 ብቻ ነው፤ በሞለኪውሉ ውስጥ የራሱን ኦክስጅን ይዞ ስለሚመጣ ከውጭ የሚፈልገው ያነሰ ነው። ለዚህም ነው ቤንዚን ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ንጹሕ አልኮል ብትሰጠው ነዳጅ የሚያንሰው።

ፖሊ 4ኛ ዓመት

እኔ በቲቸር ቦታ ብሆን አልኮሉን ትቼ የማብሰያ ጋዝ፣ ወፍራም የብረት ቱቦ፣ ከበያጆች ትንሽ ኦክስጅን... ድንች እስከ ቤዛዊት ኮረብታ ይሄዳል 😂 ወረቀት ምን ያደርጋል?

የድሮ ላብ

አንተ ልጅ፣ ኢንጂነር ልትሆን ነው አይደል? እንግዲያው እንደ ኢንጂነር አስብ።

በአየር ብቻ በልኩ የተቀላቀለ ነዳጅ ተዘግቶ ቢነድ ግፊቱ እስከ 8 እጥፍ ይወጣል። ሃይላንድ ላይ ይሄ የማያስፈራው ቆቡ ገና ከመጀመሪያው ስለሚወጣ ነው፤ እምቢ ቢልም የሚቀደደው ስስ ፕላስቲክ ነው። የብረት ቱቦ ግን ይችላል፣ ይችላል፣ ከዚያ በአንዴ ይለቃል። የሚበረው ድንቹ አይደለም፤ ብረቱ ነው። የፒቪሲ ቱቦም ያው ነው፤ ለውሃ የተሠራ ነው፣ ጋዝ ሲይዝ እንደ ብርጭቆ ተሰብሮ ነው የሚበተነው።

ኦክስጅን መጨመር የሚባለውን ደግሞ ከአእምሮህ አውጣው። አየር ውስጥ አራት አምስተኛው ናይትሮጅን የተቀመጠው ለጌጥ አይደለም፤ ሙቀቱን እየወሰደ እሳቱን የሚያረጋጋው እሱ ነው። እሱን አስወጥተህ ኦክስጅን ስትተካበት መንደዱ ይቀርና ፍንዳታ ይሆናል፤ የእሳቱ ግንባር ከድምፅ ሊቀድም ይችላል። በዚህ ላይ ምን ያህል ልጠቀም ብለህ ብትጠይቀኝም አልመልስልህም።

ሌላም አለ። በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ከተማ፣ ከብረት ቱቦ «ጧ» የሚል ድምፅ አውጥተህ ለማን ልታስረዳ ነው? እናቶች ልጅ ይዘው ሲሮጡ ማየት ያምርሃል? የቲቸር ወረቀት «ፉፍ» ነው የሚለው፤ አጥር አያልፍም። ድምፅ ብቻ ከናፈቀህ ለቡሄ ጅራፍ ግመድ። የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ስለሚፈጥን ነው የሚጮኸው፤ እሱንም አስላው፣ ደህና የቤት ሥራ ይወጣዋል።

ፖሊ 4ኛ ዓመት

ኧረ ጋሼ ቀልዴን ነው 🙏 ግን የጋዙ መቶኛ ከፍታ ላይ ይቀየራል ወይ? ለማወቅ ብቻ ነው።

የድሮ ላብ

መቶኛው አይቀየርም። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ጋዝ ሆኖ የሚገባ ነገር፣ ለምሳሌ የላይተር ቡቴን፣ ልኩ 3.1% ነው፤ የትም ብትሄድ 3.1% ነው። እንደ አልኮል ከፈሳሽ እየተነነ የሚመጣው ግን ለአየሩ ሲባል አይቀንስም፤ ስለዚህ አየሩ ሲሳሳ ድርሻው ይጨምራል። ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ፈተና ላይ ብትጠየቀው ደስ ይለኛል።

ዓባይ ማዶ

ጋሼ እኔ የምጠይቅዎት ቁም ነገር ነው። የጎጃም ዳጉሳ አረቄ አይሆንም? 96% እኮ ተወደደ።

የድሮ ላብ

እሱን ብትጠጡት ይሻላል። ከአረቄ ግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው፤ ተኑ ደካማ ነው። ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጠዋት በቅዝቃዜው ተኑ ስለማይበቃ አይያዝም፣ ከሰዓት ሞቅ ሲል ነው የሚነዳው። ንጹሑ ሲበዛበት ይደክማል፣ አረቄው ሲያንሰው። ቲቸር፣ እንዲያውም ለልጆቹ ክርክር ጥሩ ማሟሻ ነው። በቃል ብቻ! አረቄ ትምህርት ቤት ግቢ ይዘሽ ብትገቢ ርዕሰ መምህሩ ምን እንደሚል አስቢው።

ቲቸር ከጣና ዳር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሞተር ጠጋኝም አመሰግናለሁ፤ ካንዴላ ለልጆቹ የሚያሳዩልን ከሆነ አንድ ቀን ክበባችን ቢመጡ ደስ ይለናል።

ዛሬ ስሌቱን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። የ«ኦክስጅን የለም» ቡድን ግማሽ ነጥብ ይሰጠን ብሎ እየተከራከረ ነው። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ ከጠርሙሱ አፍ ላይ በፓምፕ ስንነፋ ብዙም ለውጥ የለውም፤ ሁለተኛው ሙከራ አሁንም ሰነፍ ነው። ሁለተኛ፣ ልጆቹ ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ ይዘው መጥተው «በአራት እናባዛው» ይላሉ። ምን ልበላቸው?

የድሮ ላብ

ባለ 2 ሊትሩን የለስላሳ ጠርሙስ ውሃ ይቅዱበት። ሂሳቡ ልክ ነው፣ 24ኛዋ መስመር ይመጣል፤ እሳቱ ግን አራት እጥፍ ነው፣ ጠርሙሱም ከሃይላንድ የጠነከረ ነው፣ ቆቡ ቢነክስ ዝም ብሎ አይቀደድም። ግማሽ ሊትሩ ይበቃል። ቆቡ ከፍ እንዲል ከፈለጉ ወረቀቱን ያቅልሉት፣ ጫፉን ያሹሉት።

ፓምፑ ላይ የጎደለው ቱቦ ነው። አፉ ላይ ስትነፊ ንጹሑ አየር አንገቱ አካባቢ ዞሮ ይወጣል፤ የተቃጠለው ቂጡ ላይ እንደተኛ ይቀራል። ከመድኃኒት ቤት የግሉኮስ ቱቦ ግዢ፣ የፓምፑ ጫፍ ላይ አያይዢውና እስከ ጠርሙሱ ቂጥ አስገቢው። ከታች ወደ ላይ እየገፋ ያወጣዋል። የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ የነበረው ጭጋግ ሲጠፋ አየሩ ተለውጧል ማለት ነው፤ ያኔ አዲሱን 6 መስመር አስገቢ።